ሾላው ላይ የወጡ ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ሲሰሙት ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ የሚመጥን አይመስልም። ስለ ጃፓን ድምፃውያንና እነርሱን በአካል ለማየት ስለሚሰለፉ ወጣቶች ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ጉዳዩ በሳሪስ፣ በጎፋ፣ በጀሞና በለቡ ያሉ ልጆቻችንን፣ ይልቁንም እኛን አስተማሪዎቻቸውንና ወላጆቻቸውን ይመለከታል።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪዋ እዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሕፃናት ክፍል ጀምራ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግራ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እኅታችን ናት። ሰላምታዋን ካቀረበች በኋላ በየዓመቱ በዋሽንግተን ከተማ «ኦታኮን» የሚባል የሦስት ቀን ትልቅ ጉባኤ እንደሚካሄድ፣ የጃፓን ሥዕላዊ ፊልምና ሙዚቃ ወዳጆች ከየግዛቱ እንደሚሰበሰቡበት፣ ከጃፓን የሚመጡ ድምፃውያንም ለአድናቂዎቻቸው ፊርማ እንደሚሰጡበት ነገረችኝ። በሳሪስ ሳሉ ከወንድሟ ጋር በአንድ ስልክ ናሩቶን እየተመለከተች ካደገችበት ጊዜ ጀምሮ የምትወዳት ድምፃዊት ትመጣለች። ትኬቱን ከደመወዟ ቆጥባ ከወራት በፊት ገዝታዋለች። ቀኑን ከእኛ ዘመን አቈጣጠር ጋር ስታስተያየው ግን ነሐሴ 2 ጀምሮ ነሐሴ 4 የሚያበቃ ሆኖ አገኘችው። ጾመ ፍልሰታ ከገባ በማግሥቱ ማለት ነው፤ የመጨረሻውም ቀን እሑድ ነው።

መልእክቷ በአንድ ጥያቄ ያበቃል፦ «መምህር፣ መሄዴ ኃጢአት ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልሱን ለመጻፍ ብዙ አልቈየሁም። በጃፓን እንዲህ ያሉ ወጣት ድምፃውያን «አይዶል» ተብለው እንደሚጠሩ ሰምቼ ነበርና ከዚያ ጀመርሁ። ቃሉን ጃፓናውያን ከእንግሊዝኛ ወስደውታል፤ በቀጥታ ሲፈታ ጣዖት ማለት ነው። እኛም ሀገር «ኢትዮጵያን አይዶል» የሚባል የቴሌቪዥን ውድድር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ በረጅሙ ጻፍሁ፦ በእመቤታችን ጾም ወደ ጣዖት ቤት ልትሄጂ ነውን? በልጅነትሽ የተማርሽው የት ገባ? ሌላም ሌላም።

ከመላኬ በፊት ግን አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ያ ልጅ ከዓመታት በፊት በክፍሌ ይማር ነበር። ከበሮ ሲመታ አቻ አልነበረውም። አንድ ቀን የጃፓን ካርቱን ሥዕል ያለበት ቦርሳ አንግቶ መጣ። እኔም በጓደኞቹ ሁሉ ፊት አስቆሜ መስቀል መሸከም ትቶ ምን እንደተሸከመ ጠየቅሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም የሳቃቸው ተካፋይ ሆንሁ። ልጁ ሁለት ሳምንት መጣ፤ ከዚያ በኋላ አልመጣም። አንድ ጊዜ ሳሪስ ታክሲ ተራ አግኝቼው አንገቱን ደፍቶ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ያን ልጅ ከአገልግሎት ያወጣው የቦርሳው ሥዕል አይደለም፤ የእኔ ምላስ ነው። ይህን ሳስብ የጻፍሁትን አጠፋሁት። መልስ ከመስጠቴ አስቀድሞ የምጠየቅበትን ነገር ማወቅ እንደሚገባኝም ተረዳሁ።

ለመሆኑ ምን ፍለጋ ይሄዳሉ?

ኦታኮን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በፔንሲልቬንያ ግዛት ነው። ከዚያ በኋላ በባልቲሞር ብዙ ዓመት ሲካሄድ ቈይቶ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በዋሽንግተን የጉባኤ ማእከል ይደረጋል። ላርክ አን ሲዬል የተባለው ስመ ጥር የጃፓን የሙዚቃ ቡድን በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያውን ዝግጅቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ ጉባኤ ላይ ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉት፣ ሰልፍ የሚያስይዙት፣ አዳራሽ የሚያዘጋጁት ስለሚወዱት ነገር ሲሉ ነው። በሥራ ቦታዋ ዝምተኛ የሆነች ልጅ እዚያ ስትገባ የምትወደውን የሚወዱ ብዙ ሰዎች ታገኛለች፤ ማንም ምን ለብሰሽ መጣሽ አይላትም።

በጃፓን ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቶኪዮ አኪሃባራ በተባለ ሰፈር ኤኬቢ 48 የሚባል የወጣት ሴቶች ቡድን ተቋቋመ። የተነሣበት ሐሳብ ድምፃውያኑ ከሩቅ የሚታዩ ብቻ ሳይሆኑ ሄደው የሚያገኟቸው እንዲሆኑ ነው። በሲዲው ውስጥ አንድ ቁራጭ ትኬት ይቀመጥ ነበር፤ ያን የያዘ ሰው ተሰልፎ ከሚወዳት ድምፃዊት ጋር እጅ ለእጅ ይጨባበጥ ነበር። ጊዜው ጥቂት ሰኮንድ ነበር። ጥቂት ሰኮንድ እንዲጨመርለት የሚፈልግ ተጨማሪ ሲዲ ይገዛ ነበር። አንዱን ዘፈን ለመስማት ሳይሆን ትኬቱን ለማግኘት ብቻ ያንኑ ሲዲ በብዛት የሚገዙ ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው በዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው ዘፈን አይደለም፤ ዘፈኑማ በስልኩ አለ። የሚገዛው መታየትን ነው። የሚወዳት ሰው ለአፍታ ዐይኑን አይታ «መጣህ?» እንድትለው ይሻል። ይህ ናፍቆት ከየት መጣ? ሰው ፊት ለፊት እንዲታይ፣ በስሙም እንዲጠራ ሆኖ ተፈጥሯልና ከፈጣሪው የመጣ ነው። ናፍቆቱ ቅዱስ ሆኖ መንገዱ ሊስት ይችላል። መንገዱ ሳተ ብለን ናፍቆቱን ብንረግም ግን የእግዚአብሔርን ሥራ መርገማችን ነው።

ይህ ነገር የጃፓን ብቻ ነውን?

አይደለም። በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር አደባባዩን የሞላው የእኛው ሕዝብ ነበር። ያ አደባባይ መስከረም 16 የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነጭ ለብሰን፣ ወራት ያጠናነውን መዝሙር ይዘን የምንቆምበት አደባባይ ነው። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ ወደ ሚሌኒየም አዳራሽ በመጣች ጊዜም ያየናት እኛው ነን።

የዛሬውን ለማየት ደግሞ ሩቅ አንሂድ። ከሳሪስ ወደ ቄራ በሚሄደው ታክሲ ተሳፈሩ። በመስታወቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፤ አጠገቡም የአርሴናል ዓርማ አለ። ልጁን ስለ ጃፓን ዘፈን የሚቈጣ አባት ሰንበትን ከሰዓት በኋላ በዲኤስቲቪ ቤት ያሳልፋል፤ ቡድኑ ሲሸነፍም ራት አይበላም። ልጆቻችን ይህን ያያሉ። እኛ ለአንዱ «መዝናኛ»፣ ለሌላው «ጣዖት» የሚል ስም ስናወጣ መለኪያችን መጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን የለመድነው ነገር እንደሆነ ያውቃሉ።

ጃፓንን መውደድም ለኢትዮጵያዊ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አበርክተውልናል። ጃፓናውያንም በተራቸው የእኛን ሰው አክብረዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ሲያሸንፍ የቶኪዮ ስታዲየም በጭብጨባ ተናወጠ።

አበበ በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ። መቃብሩ ለእኛ ለሳሪስ ሰዎች ቅርብ በሆነው በዮሴፍ ነው። ስንቶቻችን በታክሲ ስናልፍ አንገታችንን ወደዚያ እናዞራለን? ይህን የምለው ጀግናውን ለማሳነስ አይደለም፤ ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን የሰው ጭብጨባ ምን ያህል እንደሚርቅና የት ላይ እንደሚያበቃ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን የለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ማክበርን ከማምለክ ለይታ የምታውቅ ናት። ለእግዚአብሔር የሚገባው የአምልኮ ስግደት ነው፤ ለቅዱሳን የሚገባቸው የጸጋ ስግደት ነው። ወደ ቁልቢ፣ ወደ ግሸን የምንጓዘው፣ ብዙዎችም በእግራቸው ላሊበላ የሚደርሱት ስለ ፍቅር ነው። ስለዚህ የሚወዱትን ለማየት ሩቅ መጓዝ ራሱ ጥፋት አይሆንም። ጥያቄው የምንወደው ነገር በልባችን ውስጥ በማን ወንበር ላይ ተቀምጧል የሚለው ነው። «አይዶል» የሚለው ቃል ማንንም ጣዖት አምላኪ አያደርግም፤ ስሙ ጣዖት ያልሆነ ነገር ግን ጣዖት ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ መጐምጀትን ከጣዖት አምልኮ ጋር መቍጠሩን እናስታውስ (ቈላ. 3፥5)። በመጐምጀት ከተነገረ፣ ለኳስም ለገንዘብም ለስልክም ሁላችንም መስተዋቱ ፊት እንቆማለን።

ሾላው ላይ የወጣው ሰው

ይህን ሁሉ ሳስብ የኢያሪኮው ዘኬዎስ መጣልኝ (ሉቃ. 19፥1-10)። ዘኬዎስ ጌታችንን ሊያይ ፈለገ። ቁመቱ አጭር ነበርና ሕዝቡ ጋረደው፤ እርሱም ቀድሞ ሮጦ ሾላ ላይ ወጣ። የቀራጮች አለቃና ባለጠጋ የሆነ ሰው እንደ ልጅ ዛፍ ላይ ሲወጣ መንገደኛው ምን ብሎት ይሆን? ጌታችን አምላካችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ከዛፉ ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ አየው፤ በስሙም ጠራው፤ ፈጥኖ እንዲወርድ፣ ዛሬ በቤቱ እንደሚውልም ነገረው።

ሦስት ነገሮችን አስተውሉ። የመጀመሪያው፣ ሊያይ የወጣው ሰው ታየ። ሁለተኛው፣ ሳይነግረው በስሙ ተጠራ። ሦስተኛው፣ ሰልፍ ጠብቆ ጥቂት ሰኮንድ አላገኘም፤ ጌታ ወደ ቤቱ መጣ። «ኦታኩ» የሚለው ቃል፣ የጉባኤው መጠሪያ የተገኘበት፣ ዛሬ አንድን ነገር ከልክ በላይ ለሚወድ ሰው ቢነገርም መነሻው በጃፓንኛ የአክብሮት አነጋገር ሆኖ «ቤትዎ» እንደማለት ነው። እነዚህ ልጆች ራሳቸውን «ቤትዎ» ብለው ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ወደ ቤታቸው የሚገባውን እንግዳ ግን ገና አልነገርናቸውም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ የትኞቹ ነን? ብዙ ጊዜ ራሳችንን ከዘኬዎስ ጋር እንቈጥራለን። እኔ ግን ያን ቀን ራሴን ያገኘሁት በሕዝቡ መካከል ነው። ሕዝቡ በመጀመሪያ ጋረደው፤ በኋላ ደግሞ ጌታ ወደ ኃጢአተኛ ቤት ገባ ብሎ አንጐራጐረ። ያን ከበሮ መቺ ልጅ የጋረድሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጌታን ለማየት ቁመቱ ሳይበቃ፣ ፊቱ ላይ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ለእኅታችን የመለስሁላት

እንግዲህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁላት።

አስቀድሜ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አልሸሸግኋትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ከዘረዘራቸው የሥጋ ሥራዎች መካከል በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዘፋኝነት ተጠቅሷል (ገላ. 5፥21)፤ አባቶቻችንም ከዚህ እንድንርቅ ያስተምሩናል። ይህን ለማለስለስ ብዬ ሌላ ትምህርት አልፈጥርም። ፍቅር እውነትን አይደብቅም።

ቀጥዬ የንስሐ አባቷ እንዳልሆንሁ ነገርኋት። መምህር ያስተምራል፤ ማሰርና መፍታት ግን የካህን ነው። የልቧን ምሥጢር፣ ዘፈኑ በሕይወቷ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው፣ ጥቂት በጥቂት እንዴት እንደምትለየው ወይም እንደምትገዛው የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ናቸው። ለስልክ መልእክት የሚሆን ጥያቄ አልነበረም፤ ወደ እርሳቸው ይዛው እንድትቀርብ መከርኋት።

ሦስተኛ፣ ራሷን የምትመረምርባቸውን ምልክቶች ጻፍሁላት። ይህ ፍቅር የጸሎትሽን ሰዓት ይወስዳልን? አንድ ሰው ይህችን ድምፃዊት ቢነቅፍብሽ የአምላክሽ ስም ሲነቀፍ ከምትቈጪው ይልቅ ትቈጪያለሽን? ዐሥራትሽን ሳታወጪ ለእርሷ ዕቃ ትገዣለሽን? ነገ ተዪው ብትባዪ መተው ትችያለሽን? እነዚህ ጥያቄዎች ለኳስ ወዳዱም፣ ለፖለቲካ ወዳዱም፣ ለሥራ ወዳዱም ያው ናቸው።

አራተኛ፣ ምንም ብትወስኝ ሁለት ነገር እንዳትሸጪ አልኋት፦ ጾሙንና ሰንበትን። ፍልሰታ የእመቤታችንን ዕርገት ሐዋርያት በሱባኤ የጠየቁበት ጾም ነው። እነርሱም ማየት ፈልገው ነበር። ቅዱስ ቶማስ ያየውን ሲነግራቸው እነርሱም እንዲያዩ ሱባኤ ገቡ፤ ልመናቸውም ተፈጸመላቸው። ፍልሰታ ራሱ የሚወዱትን ለማየት የናፈቁ ሰዎች ጾም ነው። እንግዲህ ማየትን የምትወጂ አንቺ ከዚህ ጾም እንዴት ትቀሪያለሽ?

አምስተኛ፣ ለዚያች ድምፃዊት እንድትጸልይላት ጠየቅሁ። አድናቂዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ነገር ቢኖር የሚያደንቁት ሰው ሰው መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከላይ ከጠቀስሁት የቶኪዮ ቡድን አንዲት ወጣት ከወንድ ጋር ታየች ተብሎ ወሬው በታተመ ጊዜ ፀጕሯን ተላጭታ በቪዲዮ እያለቀሰች አድናቂዎቿን ይቅርታ ጠይቃለች። አድናቂዎቿ የወደዷት መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዕቃ የእኔ ናት ብለው ያዟት። ጣዖት የሚሆነው ሰው ራሱም ይጐዳል፤ የአምላክን ቦታ መሸከም የሚችል የሰው ትከሻ የለምና። ለምታደንቂያት ሰው ልትሰጫት የምትችዪው ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ፊርማ ከመቀበል ይልቅ ምሕረት ለምኖላት ማደር ነው።

ምን አደረገች?

ጾሙ ከተፈታ በኋላ እንደገና ጻፈችልኝ። የንስሐ አባቷ ብዙ ከሰሟት በኋላ ሄዳ ድምፃዊቷን ሰላም እንድትል፣ የማታውን የዘፈን ዝግጅት ግን እንዳትገባ፣ ቀዳሚት ሰንበትንም በጸሎት እንድትጀምር፣ እሑድ ከቅዳሴ እንዳትቀር ነገሯት። ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ ሄደች። በቦርሳዋ ቆሎ ቋጥራ ነበር። በሰልፉ ላይ ለብዙ ሰዓት ስትቆም አጠገቧ ያለች የማታውቃት ልጅ ምግብ ስታካፍላት፣ ጾመኛ መሆኗንና ስለ ማን እንደምትጾም አስረዳቻት። ተራዋ ሲደርስ ድምፃዊቷ ስሟን ጠየቀቻት፤ ፊደሉንም አሳስታ ጻፈችው። በዚህች ስሕተት ሁለቱም ሳቁ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

እንድትጸጸት ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይገባኛል። አልተጸጸተችም። ደስ እንዳላት ጻፈችልኝ። የማታውን ዝግጅት ትታ በባቡር ስትመለስ ግን አለቀሰች፤ የተወችው ነገር በጣም ትወደው የነበረ ነውና። እሑድ ጠዋት እንቅልፍ ባልጠገበ ዐይን ቅዳሴ ቆመች። «መምህር፣ የተውሁት ነገር ስለ ከበደኝ ጾም ምን እንደሆነ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው» አለችኝ።

እኔ ሥጋና ወተት በመተው የጾምሁ መስሎኝ ስንት ፍልሰታ አሳለፍሁ? ይህች ልጅ ልቧ የተጣበቀበትን ነገር ለአንዲት ሌሊት ስትተው ያለቀሰችው ልቅሶ ከእኔ የብዙ ዓመት ጾም ሊበልጥ እንደሚችል አሰብሁ። ዘፈንን ፈጽማ አልተወችም ይሆናል፤ መንገዷ ገና ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ናት፤ ጥያቄዋንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ትመጣለች። ያን የመጀመሪያ መልእክቴን ልኬላት ቢሆን ኖሮ ጥያቄዋን ለማን ትወስደው ነበር?

ለወጣቶችና ለወላጆች

እናንት ወጣቶች ሆይ፣ የምትወዱትን ነገር ከመምህራችሁና ከንስሐ አባታችሁ አትሸሽጉ። የተሸሸገ ፍቅር በጨለማ ያድጋል፤ የተገለጠ ፍቅር ግን ይታረማል። ለአንድ ደቂቃ ሰላምታ ወራት ስትቈጥቡና ሰዓታት ስትሰለፉ ትጋት እንዳላችሁ አሳይታችኋል። ለቅዱስ ቁርባን 18 ሰዓት መጾም ከበደን የሚል ሰው እናንተን ይመልከት፤ መድከም የምትችሉ ናችሁ። ያን ትጋት በስማችሁ ለሚያውቃችሁ፣ የክርስትና ስማችሁንም በሕይወት መጽሐፍ ላይ ሳያሳስት ለሚጽፍ ጌታ ስጡት። በዚያ ቦታ ትኬት የለም፤ ጊዜያችሁ አለቀ ብሎ የሚገፋችሁም የለም።

እናንት ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሚወዱትን ሰው ስም ታውቃላችሁን? ከመቈጣታችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ምኑን እንደወደዱት ጠይቁ። ከሾላው ላይ አውርዱ ተብለን አልተላክንም፤ በስም ጠርቶ የሚያወርደው እርሱ ነው። የእኛ ድርሻ እንዳንጋርድ ነው።

ያን ከበሮ መቺ ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ዛሬ ጐልማሳ ሆኗል፤ ለቡ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ይሠራል። ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠኝ። እስካሁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ነገር ግን ስደውል ስልኩን ያነሣል። በጸሎታችሁ አስቡት፤ እናንተም የምታውቁት እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ካለ ዛሬውኑ በስሙ ጥሩት።

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።